አውሮፕላን ተሸካሚውን ማን አሰመጠው?

ሞምባሳ ሮድ አጠገብ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ፤ ሞምባሳን ግን አላየኋትም። አትፍረዱብኝ። ጎጃም በረንዳ ተወልዶ አድጎ ጎጃምን ያላየ ስንት አለ?

ሰፈሬ ሳውዝ ሲ ነው። ጠዋት ወደ ናይሮቢ መሃል ከተማ ለመሄድ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ከወደብ መጥተው በፊቴ ይግተለተላሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ሣጥን። ለብዙ ዓመት ባሕር ማለት ለእኔ ይኸው ነበር፤ ሣጥን እየላከ አቧራ የሚያለብሰኝ ሩቅ ዘመድ።

የባሕርን ነገር ልብ ያልኩት ያገለገለ የፎቶኮፒ ማሽን ከአውሮፓ አዝዤ የቀረብኝ ጊዜ ነው። ሥራዬ ትርጉም ነው። መሃል ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አራት ሆነን አንድ ክፍል ተካፍለን፣ እኔ የሐበሻን ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺ። ማሽኑ በአንድ ወር ይደርሳል ተብሎ በሦስተኛውም ወር አልመጣ አለ። ሻጩን ብጠይቀው፣ ቀይ ባሕር ላይ መርከብ እየተመታ ስለሆነ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ነው የሚመጣው አለኝ። እንዴ! ለአንዲት የልደት ወረቀት ኮፒ መርከብ አፍሪካን ይዞራል? ያን ቀን ነው ባሕርም እንደ አገር ቤት ጫካ መንገድ ዘብ እንደሚፈልግ የገባኝ። ዘብ ከሌለ ሽፍታ ይወጣል። ለካ እኔ ሳውዝ ሲ ተኝቼ የማድረው፣ ዱቄቱም ዘይቱም የሚደርሰኝ፣ የማላውቀው ሰው የማላውቀው ውሃ ላይ ቆሞልኝ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶቼ ልውሰዳችሁ። ከእኔ ቤት በላይ ባለው ፎቅ ሂሩት የምትባል ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ሴት ትኖራለች። አባቷ ጋሽ ወርቁ አብረዋት አሉ። ልጇ መክሊት ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች፣ ምላሷ ሦስት ቋንቋ በአንድ ጉርሻ የሚጠቀልል።

ጋሽ ወርቁ አገራችን ባሕር በነበራት ዘመን ባሕረኛ ነበሩ። የመርከብ ሞተር ቴክኒሻን። ያ ዘመን ሲያበቃ የነበሩበት መርከብ የሚመለስበት ወደብ አጥቶ ባሕር ማዶ ቀረ፤ እሳቸውም ካንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሉ ናይሮቢ ደረሱ። ይኸን የነገረችኝ ሂሩት ናት። እሳቸውማ አያወሩም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ባሕር አላዩም፣ ስለ ባሕርም አልተነፈሱም። ባሕረኛነታቸው የሚታወቀው በቋጠሯቸው ብቻ ነው። ቤታቸው ውስጥ ያልታሰረ ነገር የለም። የጋዙ ሲሊንደር በገመድ፣ የውሃው በርሜል በገመድ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር በገመድ። ናይሮቢን ማዕበል የሚመታት ይመስል! ሂሩት ጋዝ ያለቀባት ቀን ሲሊንደሩን ለመቀየር አባቷ ከሄዱበት እስኪመለሱ ትጠብቃለች፤ ያንን ቋጠሮ የሚፈታ ሌላ ፍጡር የለም።

ሞምባሳ ላድርስዎት ብላ ስንት ዓመት ለምናቸዋለች። ባቡሩ ጠዋት ከተሳፈሩበት ከሰዓት ያደርሳል። እምቢ። ባሕር ለማየት ብዬ የልጄን ኪስ አላራቁትም፣ ሽማግሌ ለሽርሽር ሄደ ሲባል ሰው ምን ይላል፣ ባሕሩ እንደሆነ የትም አይሄድም ይላሉ። ግን አንድ ቀን ዜና ላይ ባሕር ሲታይ፣ ሪሞቱን አንሥተው ድምፁን አጥፍተው እንዴት እንዳዩት እኔ አይቻለሁ። የጠገበ ሰው እንደዚያ አያይም።

እንግዲህ መክሊት የትምህርት ቤቷ ተከራካሪ ናት። እዚህ አገር ልጆች ክርክርን እንደ እግር ኳስ ይጫወቱታል፤ ዙር አለው፣ ማጣሪያ አለው፣ ፍጻሜ አለው። የእሷ ቡድን ለፍጻሜ ደረሰና ርዕሱ ወጣ። «የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ዘመን አብቅቷል» የሚል። የእሷ ወገን የለም አላበቃም ብሎ መከራከር ነው የደረሰው። አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጥታ በሩን ዘጋችና ምሥጢር ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ፕሊዝ፣ ለማሚ እንኳ እንዳትነግርብኝ። ካሸነፍን ሞምባሳ ነው! ባቡር፣ ሆቴል፣ ከዚያ ወደብ ውስጥ በጀልባ። እያንዳንዱ ዊነር አንድ ጋርዲያን ይዞ ይሄዳል። አባባን ነው የምወስደው። ‹ስኩል ነው የጋበዘህ፣ ማንም አልከፈለም› ስለው እምቢ ማለት አይችልም። አይችልም አይደል፣ ሲዮ?»

አይችልም አልኳት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ይቺ ልጅ ግን የማታውቀውን ባሕር ለሌላ ሰው ትናፍቅለታለች።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ፎቅ እየወጣሁ መለማመጃዋ ሆንኩ። እኔ ተቃዋሚ፣ እሷ መላሽ። ስልኳ ላይ ቪዲዮ ከፈተችልኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

መርከብ ሲባል እኔ የማስበው ጣና ላይ ገዳም ለገዳም የሚዞረውን ነበር። ይኸኛው መርከብ ቀበሌ ነው። ምን ቀበሌ ብቻ፣ ወረዳ ነው! አምስት ሺህ ያህል ሰው ይኖርበታል። ዳቦ ይጋገርበታል፣ ፀጉር ይቆረጥበታል፣ ጥርስ ይነቀልበታል፣ ጸሎት ይደረግበታል። ሆዱ ውስጥ የኒውክሌር ምድጃ ስላለ ለራሱ ጉዞ ነዳጅ ሳይቀዳ ከሃያ ዓመት በላይ ይሄዳል። የእኛ ማታቱ ከሳውዝ ሲ መሃል ከተማ እስኪደርስ ሁለቴ ማደያ ይገባል።

ቆዩ፣ ገና ነኝ። ከላይ ባለው ሜዳ ላይ ጄት ይቆማል። ማኮብኮቢያው አጭር ነው። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወነጭፉታል! ዓይናችሁን ስትጨፍኑ ቆሞ የነበረ ብረት፣ ስትገልጡ ሰማይ ላይ ነው። ሲመለስ ደግሞ ጭራው ላይ ባለ መንጠቆ፣ ወለሉ ላይ የተወጠረ የብረት ገመድ ይዞ ይቆማል። ገመዱን ቢስተውስ? አልኳት። ለዚህማ፣ አለችኝ፣ አብራሪው ጎማው ወለሉን በነካበት ቅጽበት ፍጥነት አይቀንስም፤ ሞተሩን እስከ ጥግ ነው የሚሰጠው፣ ከሳተው እንደገና እንዲነሣ። ሰው ቤቱ ሲገባ ለመውጣት ተዘጋጅቶ! ያውም ወለሉ በማዕበል ከፍ ዝቅ እያለ። ፀጉሬ ቆመ።

ሠራተኞቹስ? ጩኸቱ ሰው ከሰው ስለማያነጋግር በልብሳቸው ቀለምና በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት። ቢጫ ለባሹ አውሮፕላን ይመራል፣ ሐምራዊው ነዳጅ ይቀዳል፣ ቀዩ መሣሪያ ያስራል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም። እኛ አራት ሰዎች በአንድ ስቴፕለር ስንነታረክ ነው የምንውለው።

ደግሞ እንደ ሙሽራ ብቻውን አይወጣም። ሚሳይል የሚያከሽፉ መርከቦች በግራ በቀኝ፣ ሰርጓጅ ከሥር፣ ቃኚ አውሮፕላን ከላይ፣ ስንቅ ጫኝ ከኋላ። አገር ማለት መሬት ላይ የተተከለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አገር ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል! የሰው ልጅ ይኸን ለማሰብ የደፈረው በየትኛው ቀን ነው? ፈራሁም፣ ኮራሁም። የኔ እንዳልሆነ እያወቅሁ የሰው ልጅ በመሆኔ ብቻ ኮራሁ።

«ይኸንን ማን ይደፍረዋል!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ወርቁ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሳይዞሩ፣ መርከብ ላይ የሚፈራው ጠላት አይደለም፣ እሳት ነው፤ ሸሽተህ የምትወጣበት ደጅ የለም አሉ። መክሊት ብዕሯን እንደያዘች ቀረች። ከተወለደች ጀምሮ አያቷ ስለ መርከብ ሲናገሩ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

እዚህ ላይ ነው እኔ ብልጥ የሆንኩት። ውድድሩን የምታዘጋጀው ማዳም ዋንጂሩ የላቪንግተን ትምህርት ቤት መምህርት ናት። የሐበሻ ተማሪዎችን ወረቀት ለትርጉም ስትልክልኝ ተዋውቀናል። ስልክ ደውላ፣ ሦስት ዳኞች ያስፈልጉኛል፣ ሁለት መምህራን አሉኝ፣ ስለ ባሕር የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው ከየት ላምጣ ብላ ስታማክረኝ ሰይጣን ጆሮዬ ላይ ተቀመጠ። የቀድሞ ባሕረኛ አለ፣ እንደ ጉድ ነው የሚያውቀው፣ አስተርጓሚው እኔ እሆናለሁ አልኳት። የሰጠኋት ስም ወርቁ ተሰማ ነው። ልጅቷ መክሊት ዳዊት ናት። የእናት አባት ስም እኛ ወረቀት ላይ የት ይጻፋል? የቤተሰብ ስም የለንም ብዬ ለየቢሮው ስንት ማብራሪያ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን አላብራራሁም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው ብዬ ልቤን አሳረፍኩ። አያት ዳኛ ሆኖ የልጅ ልጅ ከተሸነፈችማ ዓለም ተገልብጣለች ማለት ነው!

ለጋሽ ወርቁ የነገርኳቸው ሌላ ነው። የልጆቹ ፍጻሜ ላይ የክብር እንግዳ ሆነው ተጠርተዋል አልኳቸው። ጢማቸውን ተላጩ፣ ሱፋቸውን ለበሱ፣ ጫማቸው መስታወት ሆነ። ሂሩት ክሊኒክ ተረኛ ስለነበረች እኔና እሳቸው ሄድን። ላቪንግተን አዳራሹ ስንገባ ማዳም ዋንጂሩ «ካሪቡ ሳና፣ ምዜ»፣ እንኳን ደህና መጡ አባቴ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸውና ከዳኞቹ ጠረጴዛ ኋላ አስቀመጠቻቸው። የነጥብ ወረቀት ፊታቸው ሲደረግ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። መክሊት ከመድረኩ ላይ አያቷን ስታይ ጥቅሻ ወረወርኩላት። አልመለሰችልኝም። ፊቷ ነው የወደቀ። ያን ጊዜ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ክርክሩ ተጀመረ። ብራያን የሚባል ረጅም ልጅ የተቃራኒው ወገን መሪ ነው። ወይ ምላስ! ዛሬ በርካሽ የሚሠራ ድሮን ሲርመሰመስ፣ ከሩቅ የሚተኮስ ሚሳይል ሲበዛ፣ እንቁላልን ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ አድርጎ ባሕር ላይ ማንሳፈፍ ሞኝነት ነው አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል የኛም ተረት? ቀጠለና፣ ጠባቂ የሚያስፈልገው ጠባቂ ምን ዓይነት ጠባቂ ነው? ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ሳላስበው ሁለቴ አጨበጨብኩ።

መክሊት ተነሣች። ቀስ አለች። መሬት ላይ ያለ የጦር አየር ማረፊያ ዛሬም ነገም እዚያው ነው፣ ጠላት አድራሻውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ይኸኛው ግን ትናንት የነበረበት ዛሬ የለም አለች። ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ መንገድ የቆረጠበት አገር ሲጣራ፣ የማንንም ማረፊያ ሳይለምን ውሃና ሐኪም ይዞ የሚደርሰው ማን ነው አለች። ጠባቂ ጠባቂ ማስፈለጉ ድክመት ከሆነ፣ አገር ሁሉ ደካማ ነው አለች። ከዚያ ወደ ብራያን ዞረች። ትልቅ ስለሆነ በቀላሉ ይታያል ብለሃል፤ ልክ ነህ፣ ሥራውም መታየት ነው፤ አይተውት የቀረ ጦርነት ዜና ላይ ስለማይነገር ነው ያልሰማኸው። በመጨረሻም፣ ባሕር የሌለው ሰው ባሕር አያስፈልገውም ብሎ ያስባል፣ ባሕር የነበረውን ሰው ግን ጠይቁት ብላ ተቀመጠች።

ጭብጨባው የመጣው ዘግይቶ ነው። ጋሽ ወርቁን አየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ይጠርጉታል። የሚጠርጉት መነጽሩን ብቻ አልነበረም። ተንበርክኬ ባመሰግን ደስ ባለኝ። አንዲት ፍሬ ልጅ ያንን ሁሉ ብረት ላቪንግተን አዳራሽ ውስጥ አንሳፈፈችው!

ነጥብ ተጠየቀ። አንዷ መምህርት ለመክሊት ወገን ሰጠች። ሁለተኛው መምህር ለብራያን ወገን። ልክ እኩል በእኩል። አዳራሹ ሁሉ ወደ ጋሽ ወርቁ ዞረ። ሞምባሳ አፋቸው ላይ ናት፤ አያውቁም እንጂ።

ተነሡ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ የጠራ ነው፤ ባሕር ኃይል ውስጥ የሠለጠኑበት ቋንቋ ነው። ግን ሸንጎ ላይ የሚነገር ነገር በአፍ መፍቻ ነው ብለው በአማርኛ ጀመሩ።

«ይቺ ልጅ የልጄ ልጅ ናት። የክብር እንግዳ ነህ ተብዬ ነው የመጣሁት፤ ዳኛ መሆኔን ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ያወቅሁት። ለዚህ ተጠያቂው ይኸው አጠገቤ የቆመው አስተርጓሚ ነው። ተርጉም።»

ተረጎምኩ። በገዛ አፌ ራሴን ከሰስኩ፣ ያውም በጥሩ እንግሊዝኛ። ማዳም ዋንጂሩ የስም ዝርዝሯን ገልብጣ ገልብጣ አየችኝ፤ ያ ዓይን ዛሬም ይታየኛል። አዳራሹ ሲያጉረመርም የብራያን መምህር ብድግ አለ። ይኸንን ራሳቸው የተናገሩ ሽማግሌ አያዳሉም፣ እኛ ተቃውሞ የለንም፣ ይፍረዱ አለ። ብራያንም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ። ከዚህ በላይ ምን በር ይከፈትላቸው?

«ለወንዱ ልጅ ወገን ሰማንያ አንድ» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ለመክሊት ወገን ሰባ ስምንት። ተርጉም።»

ጎንበስ ብዬ፣ ጋሼ፣ ሽልማቱ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? አልኳቸው። ሽልማት አልተጠየቅሁም፣ ተርጉም አሉ፤ በዚያ የሞተር ክፍል ጩኸት ውስጥ ትእዛዝ ሲያስተላልፉ በነበረበት ድምፅ። ሁለት ቁጥር ማቀያየር ነው እኮ! ቢያርሙኝስ? ያርሙኝ፣ አንድ ጊዜ ከተጨበጨበ ማን ይሰማቸዋል? ወደ መክሊት አየሁ። አማርኛውን ሰምታዋለች፤ ዓይኗ ሞልቷል። ያሰብኩትንም አውቃዋለች። ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፤ አታድርገው ማለቷ ነው። ተረጎምኩ። የብራያን ወገን ጣሪያ ነካ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ከሰዓት በኋላ ማታቱ ውስጥ ሦስታችን የኋላ ወንበር ላይ ተደርድረን ተመለስን፤ እሳቸው መሃል። ዝም ማለት አልቻልኩም። ለመሆኑ እውነት የማን ይበልጥ ነበር አልኳቸው።

«ምን ጥያቄ አለው? የእሷ ነዋ። ልጁ ጎበዝ ነው። እሷ ግን አየር ማረፊያና መርከብ ስታወዳድር፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልናገረው ፈልጌ ቃል ያጣሁለትን ነው የተናገረችው።»

«ታዲያ ምነው!»

«ለልጅ ልጁ ፈረደ ይሉኛል።»

«ማን ነው የሚለው? እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሐበሻ እኛው ሦስታችን ብቻ ነን! ደግሞ ራሳቸው ይፍረዱ አሉ!»

«ይሉኛል» አሉ።

በቃ። የዓለም የጦር ሊቃውንት አውሮፕላን ተሸካሚን ምን ሊያሰምጠው ይችላል ብለው ዘመናቸውን በጥናት ይጨርሳሉ። ሚሳይል ነው ይላሉ፣ ድሮን ነው ይላሉ፣ ሰርጓጅ ነው ይላሉ። አጃቢው ሁሉ በግራ በቀኝ ተሰልፎ፣ ራዳሩ ሰማይ ምድሩን እያሰሰ፣ ይሉኝታ ሲመጣ ግን ማን አየው?

መክሊት እስከዚያ መስኮት መስኮቱን ነበር የምታየው። ሳትዞር ተናገረች።

«አባባ፣ ፕራይዙ ሞምባሳ ነበር። አንድ ሰው ይዤ እንድሄድ። አንተን ልወስድህ ነበር። ባሕሩን እንድታይ።»

ማታቱው ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን እጅ ያዙና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እኔ ወደ ውጭ ዞርኩ።

«ለኔ ብለሽ ነው?» አሉ በመጨረሻ። «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ። ይኸን ባውቅ ኖሮ በሦስት ነጥብ አልጥልሽም ነበር።»

መክሊት ቀና አለች። «እውነት፣ አባባ?»

«በሠላሳ ነበር እንጂ!»